ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ‹‹ወራጅ አለ››

ስልካችሁ ላይ ያለው የማረጋገጫ ኮድ መተግበሪያ ስድስት ቁጥሮች ይሰጣችኋል። አንዴ አይታችሁ፣ ደግማችሁ አይታችሁ ታስገባላችሁ። ‹‹ኮዱ ትክክል አይደለም›› ይላል። ቀጣዩን ትጠብቃላችሁ፤ እሱንም አይቀበልም። ይሄኔ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣብን ሐሳብ ‹‹አካውንቴ ተጠለፈ እንዴ?›› የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ግን የጠለፈም የተጠለፈም የለም። የስልኩ ሰዓት ተዛብቷል፣ በቃ።

ኮዱ የሚሠራው ከሁለት ነገሮች ነው። አንዱ ስትመዘገቡ ያቺን ጥቁርና ነጭ ካሬ ስካን ባደረጋችሁ ጊዜ ስልካችሁና ሰርቨሩ የተካፈሉት ምስጢራዊ ቁልፍ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው የአሠራር ደረጃ መሠረት ኮዱ አብዛኛውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። ስልካችሁ ኢንተርኔት ባይኖረው እንኳን ከሰርቨሩ ጋር አንድ ዓይነት ቁጥር የሚያወጣው ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰዓት ስለሚቆጥሩ ነው። ስልኩ ሦስት ደቂቃ ወደኋላ ከቀረ ግን የሚሰጣችሁ ኮድ ከስድስት ዙር በፊት ያለፈበትን ነው።

‹‹ታዲያ ሰዓቱን ማስተካከል ነዋ!›› ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ሰዓት ማስተካከል ከውጭ ሲያዩት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ትክክለኛውን ሰዓት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ያወቁትን ሰዓት በትክክለኛዋ ቅጽበት ለሌላ ሰዓት ማስረከብ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ይህን የማስረከብ ሥራ የሚሠራው ሶፍትዌር አንዲት ግማሽ ሰከንድ ካላወቀ ሁልጊዜ ይሳሳታል። የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያች ግማሽ ሰከንድ ነው።

አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ሰዓቶች

እያንዳንዱ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ ውስጥ ሁለት ሰዓቶች አሉ። አንደኛው የሲስተሙ ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ በርቶ እያለ ብቻ የሚቆጥር፣ በጣም ደቃቅ የሆኑ የሰከንድ ክፍልፋዮችን ሳይቀር የሚለይ ነው። ፋይል ስታስቀምጡ ቀን የሚጽፈው፣ ድረ ገጽ ስትከፍቱ የደህንነት ሰርተፊኬቱ ጊዜ ማለፍ አለማለፉን የሚያየው በእሱ ነው። ችግሩ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ እሱም አብሮ መጥፋቱ ነው።

ሁለተኛው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የሃርድዌር ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም፣ ገመዱ ቢነቀልም መቁጠሩን አያቆምም። ብዙ ዴስክቶፖች ላይ የሚመግበው ጥገና ቤቶች ‹‹የሲሞስ ባትሪ›› የሚሉት ክብ ባትሪ ነው። ስሙ ሲአር 2032 የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ስላለው ነው። ጉልበቱ 3 ቮልት ነው። ይህ ባትሪ ሲሞት ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ወደ አንድ የድሮ ቀን ይመለሳል። ዛሬ የሚሠሩ የድረ ገጽ ሰርተፊኬቶች በእሱ ዓይን ‹‹ገና ያልተጀመሩ›› ስለሚሆኑ ብሮውዘሩ ገጾቹን አልከፍትም ይላል። ኢንተርኔት ተበላሸ ተብሎ ብዙ ከተደከመ በኋላ ጥፋተኛው ያ ክብ ባትሪ ሆኖ ይገኛል።

ሰዓቱ የሚቆጥረው በኳርትዝ ክሪስታል ነው። ክሪስታሉ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ይህ ቁጥር የተመረጠው ለሁለት እየተካፈለ 15 ጊዜ ሲቀነስ ልክ አንድ ስለሚመጣ ነው። አንድ ማለት አንድ ሰከንድ። ክሪስታሉ ግን ፍጹም አይደለም፤ ሙቀትና ብርድ ያዛባዋል። በሚሊዮን 20 ያህል የሚሳሳት ክሪስታል በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር ደግሞ ወደ 52 ሰከንድ ገደማ ይሳሳታል። ስለዚህ አልፎ አልፎ የሚያስተካክለው ይፈልጋል።

ማንበቡም ዘዴ አለው

በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ ያለው ኤምሲ 146818 የተባለ የሞቶሮላ ቺፕ ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. አይቢኤም ፒሲ ኤቲ የተባለውን ኮምፒውተር ሲያወጣ የተጠቀመው ይህንን ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት የፒሲ ማዘርቦርዶች ቺፑን ለብቻው ባይይዙትም የእሱን ጠባይ ወርሰዋል። አርባ ዓመት ያለፈው ጠባይ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጠባዩ ከሰከንድ በታች አለመናገሩ ነው። ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድ፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ‹‹ከሰከንዱ ስንት ሄዷል?›› ብትሉት ግን መልስ የለውም። በመሆኑም ዝም ብሎ አንድ ጊዜ ያነበበ ሶፍትዌር እስከ አንድ ሰከንድ ድረስ ወደኋላ ሊቀር ይችላል።

ሁለተኛው፣ ቁጥሮቹን በሚቀይርበት ቅጽበት መጠየቅን አይወድም። ከአንዱ ሰከንድ ወደ ሌላው ሲሻገር ወደ 2 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የሰዓቱን ቁጥር ከመሻገሩ በፊት፣ የደቂቃውን ደግሞ ከተሻገረ በኋላ ያነበበ ሶፍትዌር 1:59:59 እና 2:00:00ን ደባልቆ 1:00:00 ብሎ ሊያስብ ይችላል። ያለ ምንም ብልሽት የአንድ ሰዓት ስህተት! ለዚህም ነው ቺፑ ‹‹እየቀየርኩ ነው፣ ቆዩ›› የሚል ምልክት የሚያሳየው።

በሊኑክስ ኮምፒውተሮች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ኤች ደብሊው ክሎክ የተባለ ፕሮግራም የሁለቱንም ችግር መላ በአንድ ያገኘዋል። ሰከንዷ እስክትቀየር ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል፤ ልክ ስትቀየር ያነባል። አዲስ ሰከንድ አሁን መጀመሩን ስላየ፣ ቺፑ ያልነገረውን ክፍልፋይ እሱ ራሱ አወቀው ማለት ነው።

‹‹ወራጅ አለ!››

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ወደ መጻፉ።

ታክሲ ውስጥ ናችሁ እንበል። ልትወርዱ የምትፈልጉት ከአንድ ሱቅ በር ላይ ነው። ልክ በሩ ጋ ስትደርሱ ‹‹ወራጅ አለ!›› ብትሉ የት ትወርዳላችሁ? አልፋችሁት ነው። ረዳቱ እስኪሰማ፣ ሾፌሩ ፍሬን እስኪይዝ፣ መኪናው ዳር እስኪይዝ ጊዜ አለ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው በሩ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ይናገራል። የተናገረው ቃል ያው ነው፤ ልዩነቱ መቼ እንደተናገረው ነው።

የሃርድዌር ሰዓትም ልክ እንዲህ ነው። ሶፍትዌሩ በመጀመሪያ ቺፑን ‹‹ለጊዜው አትቁጠር›› ብሎ ያቆመዋል። የእጅ ሰዓት ስናስተካክል መሙያዋን ስበን መርፌውን እንደምናቆመው ማለት ነው። ከዚያ አዲሱን ሰዓት ይጽፍለታል፤ ቀጥሎ ‹‹በል ቀጥል›› ብሎ ይለቀዋል። ማንኛችንም የምንጠብቀው ከተለቀቀ በኋላ አንድ ሙሉ ሰከንድ ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ይሻገራል ብለን ነው። የኤምሲ 146818 ዓይነት ቺፕ ግን እንዲህ አያደርግም። ከተለቀቀ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ፣ ማለትም በ500 ሚሊሰከንድ፣ ወደ ቀጣዩ ሰከንድ ይሻገራል። የጻፋችሁለትን ሰከንድ ግማሹ እንደተጋመሰ አድርጎ ነው የሚቀበለው።

ይህን የማያውቅ ሶፍትዌር ምን ይሆናል? ትክክለኛው ሰዓት 1:59:59 ልክ ሲገባ፣ ሳያዛንፍ፣ 1:59:59 ብሎ ይጽፋል። ቺፑ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ 2:00:00 ይላል። ዓለም ገና ሁለት ሰዓት ለመሆን ግማሽ ሰከንድ ይቀራታል። የተጻፈው ቁጥር ትክክል ነበር፤ የተጻፈበት ጊዜም ትክክል ይመስል ነበር። ሰዓቱ ግን በግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ሄደ።

የሚያውቅ ሶፍትዌር በሌላ መንገድ ያስባል። ‹‹ቺፑ 2:00:00 እንዲል የምፈልገው ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ 1:59:59 ብዬ የምጽፈው ሁለት ሰዓት ሊሆን ግማሽ ሰከንድ ሲቀረው ነው›› ይላል። ከዚያ የሲስተሙን ሰዓት እያየ ያቺን ቅጽበት ያደባል። ፕሮሰሰሩ በሌላ ሥራ ተጠምዶ ቅጽበቷ ካለፈችው ‹‹እንግዲህ ተቀራራቢ ነው›› ብሎ ወዲያው አይጽፍም። ታክሲ እንዳመለጠው ሰው የሚቀጥለውን ሰከንድ ይጠብቃል።

ሌላም ነገር አለ። ሁሉም የሰዓት ቺፕ እንዲህ አይደለም። ከተጻፈለት ቅጽበት ጀምሮ አንድ ሙሉ ሰከንድ የሚቆጥርም አለ፤ እዚያ ላይ ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ መጻፍ ራሱ ስህተት ይሆናል። ታክሲ ላይም ቢሆን ድንገት ፍሬን የሚይዝ ሾፌር አለ፤ ቀስ ብሎ ዳር የሚይዝም አለ። ኤች ደብሊው ክሎክ ስለዚህ ለፒሲዎች የተለመደውን ቺፕ ሲያይ የግማሽ ሰከንድ ልዩነት ይይዛል፤ ለሌሎች ዜሮ ነው። አስፈላጊ ሲሆን ተጠቃሚው ራሱ ልዩነቱን እንዲነግረው አማራጭ አለው። ከቺፕ ጋር የሚነጋገረው የሶፍትዌር ክፍል በፕሮግራመሮች ቋንቋ ‹‹ድራይቨር›› ይባላል፤ ሾፌር ማለት ነው። ሾፌሩን ማወቅ ግድ ነው የሚባለው በዚህም በኩል እውነት ነው።

ግማሽ ሰከንድ ምን ታመጣለች?

እውነቱን ለመናገር፣ ግማሽ ሰከንድ ብቻዋን የማረጋገጫ ኮዳችሁን አታበላሽም። 30 ሰከንድ ሰፊ ነው። የምታስቸግረው ሲደጋገም ነው።

ኤች ደብሊው ክሎክ የቺፑን ጠባይ የመማር ችሎታም አለው። ዛሬ ሰዓቱን ያስተካክላል፤ ነገ ከትክክለኛው ጋር ያነጻጽራል። ‹‹በአንድ ቀን ይህን ያህል ቀደመ›› ብሎ ፋይል ላይ ይመዘግብና፣ ከዚያ በኋላ ማንም ባያስተካክለው እንኳን ያንን እያሰበ ያርማል። ሐሳቡ ግሩም ነው። አሁን ግን ትናንት ሲጻፍ ግማሽ ሰከንድ ተሳስቶ ነበር እንበል። ክሪስታሉ ምንም ሳይሳሳት ሶፍትዌሩ ዛሬ ግማሽ ሰከንድ ልዩነት ያያል። ‹‹ይሄ ቺፕ በቀን ግማሽ ሰከንድ ይቀድማል›› ብሎ ይፈርድበታል። ከዚያ በየቀኑ ግማሽ ሰከንድ ይቀንስለታል። በወር 15 ሰከንድ፣ በዓመት 182 ሰከንድ ይሆናል። ከሦስት ደቂቃ በላይ ማለት ነው!

ኢንተርኔት የማያገኝ ኮምፒውተር ላይ ይህንን የሚያርም የለም። መጀመሪያ ላይ ያነሳነው ኮድ ከስድስት ዙር በፊት የሆነበት ልዩነት ይኸው ሦስት ደቂቃ ነው። አንድ ጊዜ የተሠራች የግማሽ ሰከንድ ስህተት ‹‹ማስተካከያ›› ተብላ በየቀኑ ስትደገም ያን ያህል ትሄዳለች።

መብራት ሲሄድ

‹‹አሁን እኮ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ነው፤ ሰዓቱን ከዚያ ያመጣው የለም?›› የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ኮምፒውተሮች ሰዓት የሚጠያየቁበት ኤንቲፒ የተባለ ዘዴ አለ። የሠራው አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ዴቪድ ሚልስ ነው፤ የመጀመሪያው ሰነድ በ1985 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ሚልስም በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው። የኤንቲፒ ዋና ሐሳብም ከታክሲው ጋር ይመሳሰላል። ሰርቨሩ የሚልከው ሰዓት እናንተ ጋ እስኪደርስ ድረስ አርጅቷል። ስለዚህ ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ይለካል። መንገዱ ደርሶ መልስ 80 ሚሊሰከንድ ከወሰደ፣ መልሱ 40 ሚሊሰከንድ መንገድ ላይ ቆይቷል ተብሎ ይታሰባል፤ ያ ይታከልበታል።

ግን ኤንቲፒ የሚያስተካክለው የሲስተሙን ሰዓት ነው፤ በርቶ እያለ የሚሠራውን። አሁን መብራት ሄደ እንበል፤ ይህንን ማሰብ ለእኛ አይከብደንም። ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ አይሰናበትም፤ ‹‹ከመጥፋቴ በፊት ሰዓቱን ልጻፍ›› የሚልበት ጊዜ የለውም። ድርግም ነው። መብራቱ ሲመለስ ደግሞ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ይነሳል፤ የዋይፋይ ራውተሩ ገና መብራቶቹን ብልጭ ድርግም እያደረገ ነው፤ ኔትዎርኩም አልተመለሰ ይሆናል። በዚያ መሃል ኮምፒውተሩ የሚያምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክብ ባትሪውን ይዞ ሲቆጥር የቆየውን ቺፕ።

ለዚህ ነው የሊኑክስ ከርነል አንድ ልማድ ያለው። የሲስተሙ ሰዓት በኤንቲፒ መስተካከሉ ሲረጋገጥ፣ በየ11 ደቂቃው ገደማ ትክክለኛውን ሰዓት ወደ ሃርድዌሩ ይጽፋል። መብራት ማንንም ሳያስፈቅድ ቢሄድ እንኳን ቺፑ ላይ ያለው ሰዓት ከ11 ደቂቃ ብዙም ያልራቀ እርማት ነው። ሲጽፍ ግን ያቺን ግማሽ ሰከንድ ማወቅ አለበት፤ አለዚያ በቀን ከመቶ ጊዜ በላይ ተመሳሳዩን ስህተት ይጽፋል።

ሰዓቱን ሳይነኩ ማወቅ

ስልካችሁስ? ስልክም ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰዓት አለ። የሚገርመው አንዳንድ ስልኮች ላይ ሶፍትዌሩ ያንን ሰዓት እንዲቀይር አይፈቀድለትም። ማንበብ ይችላል፤ መጻፍ አይችልም። ታዲያ እንዴት ይስተካከላል? ሶፍትዌሩ ‹‹ቺፑ የሚለውና እውነተኛው ሰዓት በዚህን ያህል ይለያያሉ›› ብሎ ልዩነቱን ፋይል ላይ ያስቀምጣል። በተነሳ ቁጥር ቺፑን ያነባል፣ ልዩነቱን ይደምራል፣ ጨረሰ።

ይህን ዘዴ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። ስልኩ 8:00 ይላል፤ እኛ ‹‹ሁለት ሰዓት ሆነ›› እንላለን። ሰዓቱን አልነካነውም፤ ስድስቷን በጭንቅላታችን ይዘን እናነባለን። ጤናማው መንገድም ይሄ ነው። ስልኩ ራሱ በእኛ አቆጣጠር እንዲያሳይ ብላችሁ ስድስት ሰዓት ወደኋላ በእጅ ከመለሳችሁት ግን የውስጡን ሰዓት ነው ያዛባችሁት። ኮዶች ይበላሻሉ፤ የመልእክቶችም ቅደም ተከተል ሊዛባ ይችላል። ጌም ላይ ‹‹ላይፍ›› ቶሎ እንዲሞላ ቀኑን ወደፊት መግፋትም ያው ነው።

ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላፕቶፕ ላይ የጫናችሁም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነገር አጋጥሟችሁ ይሆናል። ሊኑክስ ቺፑ ላይ የሚጽፈው ዓለም አቀፉን ዩቲሲ ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ ቺፑ ላይ ያለው የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነባል። አዲስ አበባ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ ከሊኑክስ ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ላፕቶፑ አልተበላሸም። ሁለት ሶፍትዌሮች አንዱን ሰዓት በሁለት ቋንቋ እያነበቡት ነው። ሊኑክሱን ወይም ዊንዶውሱን ከሌላው ጋር እንዲስማማ ማዘዝ ይቻላል።

ምን እናድርግ?

በስልካችሁ የቀንና የሰዓት ማስተካከያ ውስጥ ‹‹በራሱ ያስተካክል›› የሚለው መብራቱን እዩ። የሰዓት ክልሉም አዲስ አበባ ወይም ምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን አረጋግጡ። ክልሉን መቀየር የሚታየውን ቁጥር ብቻ ነው የሚለውጠው፤ የውስጡን ቆጠራ አይነካም። በእጅ ሰዓቱን መቀየር ግን የውስጡን ይነካል። በእኛ አቆጣጠር ማየት ከፈለጋችሁ ፊቱን ብቻ የሚቀይሩ የኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን መቁጠሪያ መተግበሪያዎች አሉ።

ቤት ወይም ሱቅ ያለው ዴስክቶፕ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑን ከረሳ፣ ኢንተርኔቱን ወይም ዊንዶውሱን ከመወንጀላችሁ በፊት ክብ ባትሪውን አስቀይሩ። ኮዱ ‹‹ትክክል አይደለም›› ሲላችሁም የይለፍ ቃል ከመቀየራችሁ በፊት ሰዓቱን እዩ።

ፕሮግራም የምትጽፉ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያዙ። ለአንድ መሣሪያ ትክክለኛውን ቁጥር ሰጥቶ መሄድ አይበቃም። የሰጣችሁት ቁጥር መቼ ሥራ ላይ እንደሚውል የመሣሪያውን ሰነድ ገልጣችሁ አንብቡ፤ ከዚያም ልዩነቱን ለኩት። በሩ ጋ ደርሶ ‹‹ወራጅ አለ›› ያለ ሰው መንገዱን አልተሳሳተም፤ ያላሰባት ፍሬኗን ነው።